ሰምቻታለሁ

ሃምሳ አለቃ ፈንታ ክላሽን ጠመንጃ ብለው ጠርተውት አያውቁም። «ያ የሚያስነጥሰው» ነው የሚሉት። ጎረምሶቹ ሲስቁባቸው ይብስባቸዋል። «ምን ያስገለፍጣችኋል? የሚያስነጥስ ሰው ማን ላይ እንደረጨ ያውቃል?» ይላሉ። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ በዚህ ዕድሜ ምላሳቸውን ማን ይይዘዋል።

የራሳቸውን ኤምዋን ጠመንጃ ግን እንደ ሴት ነው የሚጠሯት። በንጉሡ ዘመን ወታደር ሲቀጠሩ የተሰጣቸው እንደሷ ያለ ነበር፤ አሁን ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለችውን ከጦር ሜዳ ከተመለሱ በኋላ ነው የገዟት። ከባድ ናት፤ ትከሻ ትልጣለች፤ ስምንት ጥይት ትጎርስና ስምንተኛው ሲያልቅባት ጥይቶቹን አቅፎ የነበረው ብረት ቅጭል ብሎ ይፈናጠራል። የያኔው አሠልጣኛቸው አንድ ጥይት ባስተኮሳቸው ቁጥር «የት ሄደች?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የት እንደሄደች ያልተናገረ ምልምል ሁለተኛ አይተኩስም፤ ሄዶ፣ ፈልጎ፣ ቀዳዳዋን አይቶ ነው የሚመለሰው። ኦጋዴን ላይም ያችን ጥያቄ በሆዳቸው ይዘው ነው የተዋጉት። ክላሽ ያንጠለጠለ ልጅ ሲያዩ የሚያንገበግባቸው ይኸው ነው። አንድ ካዝና ሙሉ ወደ ሰማይ ዘርግፎ የአንዷን መድረሻ ቢጠይቁት አያውቅም። ማወቅ እንዳለበትም አያውቅም።

ደግሞ ጆሮ ነበራቸው። ድሮ ከማዶው ተራራ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ነበር የሚዞረው። «የእገሌ ምንሽር ናት» ካሉ የእገሌ ምንሽር ናት። አንድ ጊዜ የሰው በሬ በጥይት ተመትቶ ተገኘና «የዚያ ቤት ቤልጅግ ናት» ቢሉ የጠመንጃው ባለቤት ጉልበታቸው ላይ ወድቆ አመነ። ከዚያ ወዲያ በፈንታ ጆሮ ይማል ጀመር። እሳቸው ግን ጥበብ እንዳልሆነ ያውቁታል። ያኔ በአገሩ ያለው ጠመንጃ ጥቂት ነው፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ የጎረቤት ሳል እንደሚለየው እየቆየ ይለያል። ክላሽ በየቤቱ ሲገባ ይህ ነገር አከተመ። ሁሉም አንድ ዓይነት ያስነጥሳሉ። ሃምሳ አለቃ ይህንን ለማንም አልተናገሩም። ማን ጠየቃቸው? ዝና እኮ ደስ ይላል።

በጥር ወር፣ በአማኑኤልና በደምበጫ መካከል ባለችው ቀበሌያቸው፣ የጎረቤት ልጅ ሠርግ ነበር። ሃምሳ አለቃ ዳሱ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። ሴት ልጃቸው ሥራነሽ ከሴቶቹ ጋር ደጅ ቆማለች። እናቷ ከሞተች ቆይታለች፤ ሥራነሽ ትዳሯ ፈርሶ ከተመለሰች ወዲህ የአባቷን ቤት የያዘችው እሷ ናት። ሙሽራው ብቅ ሲል ሦስት ጓደኞቹ እየጨፈሩ ጠመንጃቸውን ወደ ላይ ለቀቁት። ትልቁ ገብረ ኪዳን ነው፤ የብዙ ልጆች አባት፣ ቁጥብ ሰው። ተከታዩ ዘማርያም ነው፤ አፉ የማያርፍ፣ በጠላ ቤት ሰው ፊት «የሃምሳ አለቃ ኤምዋን ለማገዶ እንኳ አትሆንም» ብሎ ያዋረዳቸው። ታናሹ ደምለው ነው፤ ያለ አባት ያደገ፣ የሃምሳ አለቃን መሬት በእኩል የሚያርስላቸው፣ ገና አንዲት ጨቅላ የወለደ። ሦስቱም ክላሽ ነው የያዙት፤ የተኮሱትም ባንዴ ነው።

ሃምሳ አለቃ ከሴቶቹ ሁሉ እልልታ የልጃቸውን ለይተው ይሰሙ ነበር። ረዥም ነው፤ መጨረሻው ላይ ይቀጥናል። እየሰሙት መሃል ላይ ተቆረጠ። የሌሎቹ ቀጥሏል፤ የእሷ የለም። ተነሥተው ሲወጡ የዳሱ ምሰሶ ሥር ወድቃለች። ደምለው ጠመንጃውን ጥሎ በትከሻው ተሸከማትና አስፋልቱ ድረስ ሮጠ፤ ከዚያ በባጃጅ ይዟት ሄደ። ደብረ ማርቆስ ሳይደርሱ አለፈች።

ለቅሶው ላይ ሃምሳ አለቃ ደረታቸውን እየደቁ አንድ ቃል ይደጋግሙ ነበር። «ሰምቻታለሁ። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ።» ልጃቸውን ማለታቸው ነው፤ ያንን የተቆረጠ እልልታዋን። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ግን እርስ በርሱ ተያየ። ጠመንጃም በእኛ አገር አፍ ሴት ናት፤ ጮኸች፣ ከዳች፣ ጎረሰች ነው የሚባለው። «ሃምሳ አለቃ የገደለቻትን ጠመንጃ ለይተው ሰምተዋታል» ተባለ። በማግሥቱ ይህንን ያልሰማ ቤት አልነበረም። ሰውዬው ክላሽን አንድ ቀን እንኳ እንደ ሴት ጠርተውት እንደማያውቁ ያስተዋለ ጠፋ። አይ የእኛ ነገር።

መንግሥት የት ሄደ እንዳትሉኝ። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሳምንት ይዘጋል፤ ለሠርግ ተኩስ ብሎ ገጠር የሚወጣ ፖሊስ አልነበረም። ጥይቷም በደረቷ ገብታ በጀርባዋ ወጥታ የት እንደገባች አልታወቀም። ብትገኝስ ምን ልትናገር? የሦስቱም ጥይት አንድ ነው። ሦስቱም ተጠይቀው ሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ፤ «ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት፤ እኔ ልሁን ሌላው አላውቅም።» ማሉ ቢባሉም በዚሁ ቃል ይምላሉ፤ በሐሰትም አይደለም። ነገሩን ያከበደው እሱ ነበር።

የሃምሳ አለቃ ወንድ ልጅ አማረ እስከ አርባው ድረስ ዝም አለ። የአርባዋ ዕለት ሽማግሌዎቹ ባሉበት ተነሥቶ ቆመ። እሱም ትከሻው ላይ ያው ክላሽ አለ።

«ገዳይዋን አሳዩኝ» አለ። «አንድ ሰው ስጡኝ። ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣና ስለ እመቤታችን ብዬ እምራለሁ፤ ይኸው በመስቀሉ ፊት። አንድ ሰው ካጣሁ ግን ሦስቱም ገዳዮች ናቸው። ሦስቱንም በየተራ እፈልጋቸዋለሁ።»

ሃምሳ አለቃ ልጃቸውን ያውቁታል፤ ያለውን ያደርጋል። ሦስት ሰው ገደለ ማለት ደግሞ ከሦስት ቤት ጋር ደም ተቃባ ማለት ነው፤ መጨረሻው አማረም ይሞታል፣ የአማረም ልጆች አያድጉም። ይህ ሁሉ በአንዲት ጥይት ጦስ። ሥራነሽን አንድ ጊዜ ቀብረዋል፤ ሌላ የሚቀብሩበት አቅም አልነበራቸውም።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው። የቅኔ መምህር ናቸው፤ አንዲትን ቃል ሁለት አድርጎ መፍታት እንጀራቸው ነው። እዚህ ላይ ግን እሳቸውም እንደ ሰዉ ሰሙን ይዘው ወርቁን ጣሉት። በማግሥቱ ሽማግሌዎቹንና አማረን አስከትለው ወደ ሃምሳ አለቃ ቤት መጡ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እግዚአብሔር ይህንን ጆሮ ለዚህ ቀን ነው ያቆየልዎ» አሉ። «ሦስቱን ልጆች ማዶ ገደሉ ሥር እናቆማቸዋለን፤ እርስዎ ጀርባዎን ይሰጣሉ። በየተራ ይተኩሳሉ፤ ያችን የሰሟትን ለይተው ይነግሩናል። ተኩሱን ሰምቶ የሚደነግጥ እንዳይኖር ለአገሩ እናስነግራለን።»

«መሪጌታ፣ እኔ ሰማሁ ያልኩት እኮ...» ብለው ጀመሩ ሃምሳ አለቃ።

አማረ ከተቀመጠበት ተነሣ። «አባዬ፣ ካልሰማህ አልሰማሁም በለኝ። እኔ የምሄድበት አለኝ።» ግድግዳው ላይ ያስደገፈውን ክላሹን አነሣ።

ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ሃምሳ አለቃ ላይ ተከሉ። እሳቸውም የልጃቸውን እጅ አዩ፤ የጠመንጃውን ማንገቻ ይዞ እየጠበቀ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «ሰምቻታለሁ» ማለታቸው እውነት ነበር።

«ሰምቻታለሁ» አሉ። «አስቀምጥና ቁጭ በል።»

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገደሉ ወረዱ። ሃምሳ አለቃ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ጀርባቸውን ሰጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አማረ በቀኛቸው፣ መሪጌታ በግራቸው። ከኋላቸው ወንዙን ተሻግሮ ሦስቱ ልጆች ቆመዋል፤ ሌሎቹ ሽማግሌዎች አብረዋቸው ናቸው።

ሌሊቱን ሲያውጠነጥኑ ነው ያደሩት። ድምፁን እንደማይለዩት ያውቃሉ፤ ስለዚህ የቀራቸው መምረጥ ነው። በአገሩ ወግ ሽማግሌ ሰው ሲያሰልፍ በዕድሜ ነው። ገብረ ኪዳን ይቀድማል፣ ዘማርያም ይከተላል፣ ደምለው መጨረሻ ይሆናል። ገብረ ኪዳን የስንት ልጅ አባት ነው። ደምለውን ደግሞ እሳቸው ናቸው ከልጅነቱ ጀምሮ ያቀኑት፤ እርፍ ያስጨበጡት እሳቸው ናቸው፤ ሥራነሽም እንደ ታናሽ ወንድሟ ነበር የምታየው። በአንዱ ላይ መውደቁ ካልቀረ በዚያ ባለጌ ምላስ ላይ ይውደቅ አሉ። ቂም ነው፤ እሳቸውም ቂም መሆኑ አልጠፋቸውም። ግን ምን ይሞታል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይታረቅና ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ አፉን ይሰበስባል ብለው ራሳቸውን አታለሉ።

የመጀመሪያው ተኮሰ። ተርተርተር ብሎ ቆመ። ሁለተኛው ተኮሰ። ሦስተኛው ተኮሰ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ እውነቴን ነው፣ ምናልባት ብለው ከልባቸው አዳመጡ። ምንም የለም። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ያስነጠሰ ነው የሚመስለው። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሳል ከሕፃን ሳል የሚለየው ጆሮ ሦስት ክላሽ መለየት አቃተው። በልጅነታቸው የተማሩት፣ ስማቸው የተጠራበት፣ ሽማግሌ ሆነው የተከበሩበት ነገር ሁሉ እዚያች ድንጋይ ላይ ባዶ ሆኖ ቀረ።

«ሃምሳ አለቃ፣ የትኛዋ ናት?» አሉ መሪጌታ።

«ሁለተኛዋ» አሉ።

መሪጌታ እጃቸውን አንሥተው ወደ ማዶ ምልክት ሰጡ። ሃምሳ አለቃ ጋቢውን ከራሳቸው ገፈው ዞሩ። ማዶ፣ ገብረ ኪዳን ወደ አንድ ዳር ፈቀቅ ብሏል። ዘማርያም ወደ ሌላው ዳር ሄዶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንበርክኳል። መሃል ላይ፣ ጠመንጃው ወደ መሬት ተንጠልጥሎ፣ ደምለው ብቻውን ቆሟል።

ሃምሳ አለቃ ወደ መሪጌታ ዞሩ። «ዘማርያም አይደለም እንዴ ሁለተኛው?»

«እሱ ነበር» አሉ መሪጌታ። «ልጁ ካዝናውን ማግባት አቅቶት ሲያለቅስ ከዚህ አየሁት። ደምለው ነው በእጁ ‹አንተ ተረጋጋ፣ እኔ ልቅደም› የሚል ምልክት አሳይቶ የገባለት።»

«ድገሙት» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ነፋስ ነበር። በደንብ አልሰማሁም፤ ይደገም።»

መሪጌታ በሐዘን አዩአቸው። «ይገባኛል፣ ሃምሳ አለቃ። እንደ ልጅዎ ነው ያሳደጉት። ግን ይህ ነው እኮ ምስክርነትዎን እውነት ያደረገው። ጠላትዎ ላይ ቢወድቅ ሰው ይጠረጥር ነበር። በሚወዱት ላይ ሲመሰክሩ ማን ይጠራጠራል?»

አማረም ሰማ። ክላሹን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ። ሥራነሽ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ፤ እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። አባቱን አቅፎ «እግዜር ይስጥህ አባዬ፣ አሳረፍከኝ» አለ። ሃምሳ አለቃ ምን ይበሉ? ዋሽቻለሁ ቢሉ ልጃቸው ያንን ያስቀመጠውን ያነሣል።

እርቁ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተደረገ። ደምለው በባዶ እግሩ፣ ትከሻው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ወገቡን አጉብጦ መጣ። ገብረ ኪዳንና ዘማርያም ከሰዉ መሃል ቆመው ያዩታል፤ ፊታቸው ላይ የተገላገለ ሰው እረፍት አለ፣ ይህንንም ሃምሳ አለቃ አዩት። አማረ ቃሉን አላጠፈም። ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት፤ ግንባሩን ሳመው። ሴቶቹ አለቀሱ። ካህናቱ ጸለዩ፤ አገሩም ተነፈሰ። መልካም እርቅ ነበር፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ የሚያምር እርቅ አላየንም ይላል።

ሰንበት ብሎ ደምለው የሃምሳ አለቃን ሞፈርና ቀንበር ሊመልስ መጣ። ከስቷል፤ ጢሙን አልተላጨም። ዕቃውን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ቆመ።

«ምን ሆነህ ነው የምትመልሰው? በልግ እየገባ እኮ ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ሌላ አራሽ ይፈልጉ ጋሼ። ሚስቴንና ልጅቷን ደብረ ኤልያስ ለወላጆቿ አደርሳለሁ። እኔ ገዳም እገባለሁ።»

«ታርቀሃል እኮ። አማረ ምሮሃል።»

«እሱ ማረኝ፤ እግዜር ይስጠው» አለ ደምለው። «እርስዎንም ላመሰግንዎ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እኔን? ለምኑ?»

«ስለነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ልሁን አልሁን እያልኩ አእምሮዬን ልስት ነበር። እህል አይወርድልኝ፣ ልጄን ላቅፋት እፈራ ነበር። አሁን ቢያንስ ምን ብዬ ንስሐ እንደምገባ አወቅሁ።»

ሃምሳ አለቃ ዙሪያቸውን አዩ፤ ማንም የለም። ክንዱን ያዙት። «ደምለው፣ ስማኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ክላሽ አይለይም፤ ማንም አይለየውም። ሁለተኛው ዘማርያም ነው ብዬ ነው ሁለተኛዋ ያልኩት። በቂም ነው። ዋሽቼ ነው፤ ሰማኸኝ? አንተ መሆንህን የሚያውቅ ሰው የለም።»

ደምለው አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ እጃቸውን ከክንዱ ላይ ቀስ አድርጎ አንሥቶ ሳመው።

«እንደሚሉኝ አውቄ ነበር» አለ። «እያዘኑልኝ ነው። ግን ልክ ነዎት ጋሼ፤ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ትዝ አይለኝም ነበር። እርስዎ ከተናገሩ በኋላ ነው ሁሉም የመጣልኝ። ስጨፍር እግሬን አደናቀፈኝ፤ እጄ ዝቅ ሲል ይታየኛል። ሥራነሽ ምሰሶውን ተደግፋ፣ ያችን አረንጓዴ ሻሿን አስራ ስትስቅልኝ ይታየኛል።»

«ሥራነሽ አረንጓዴ ሻሽ ኖሯት አያውቅም» አሉ ሃምሳ አለቃ። «የዚያን ዕለት ነጭ ነጠላ ነበር የለበሰችው፤ አንተው ተሸክመሃታል። ልጄ፣ ያላየኸውን ነው የምታየው።»

«እንግዲያው ዓይኔ ተሳስቶ ይሆናል» አለ ደምለው። «እጄ ግን አይሳሳትም። እባክዎ ይህንን ነገር ለሌላ ሰው እንዳይደግሙት፤ አማረ ከሰማ እነዚያ ሁለቱ ያልቃሉ።»

ከዚያ ጉልበታቸው ሥር ወደቀ። ሊያነሡት ሞከሩ፤ አልተነሣም።

«አማረ ምሮኛል። አባቷ ግን እርስዎ ነዎት፤ ከአፍዎ አልሰማሁም። ይቅር ይበሉኝና ልሂድ።»

«እግዜር ይቅር ይበለን» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«እኔን ነው ጋሼ» አለ ደምለው ከመሬቱ። «‹ይበልህ› ይበሉኝ። እንደዚያ ካላሉኝ አይሆንልኝም።»

ልጁ ግንባሩን አፈሩ ላይ አድርጎ ጠበቃቸው፤ ሳይሰማ የሚሄድ አይመስልም።

«እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉት።

ደምለው ተነሥቶ አፈሩን ከግንባሩ ጠረገና እጅ ነሥቷቸው ወረደ።